አርባ ምንጭን ለመጎብኘት፦ ከየት ይጀመራል፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ተይዞ

ወደ አርባ ምንጭ ለመሄድ ያሰቡ ዘመዶችና ወዳጆች፣ ከአዲስ አበባ የሚነሱትም ሆኑ ከውጭ አገር ለእረፍት የሚመጡት፣ ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ያለን ሁለትና ሦስት ቀን ነው፤ ምኑን አይተን ምኑን እንተው?» በከተማዋ የሚታየውን ነገር መዘርዘር ቀላል ነው፤ ሐይቁ፣ አዞው፣ ዶርዜው፣ ምንጮቹና ፓርኩ ለማንም የተሰወሩ አይደሉም። ጉዞው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው በቅደም ተከተሉና በሰዓቱ ስለሆነ፣ ይህን መመሪያ በዚያው መንገድ አዘጋጅቼዋለሁ።

ሰዓቱ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው በከፍታው ምክንያት ነው። አርባ ምንጭ በጋሞ ደጋ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከበታቿ ያለው የጫሞ ሐይቅ ወደ 1,100 ሜትር፣ ከበላይዋ ያለው የዶርዜ መንደር ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ አላቸው። ስለዚህ በአንድ ሰዓት የመኪና መንገድ ውስጥ ከሚያልብ ቆላ ጋቢ ወደሚያስደርብ ደጋ ይወጣሉ። ቆላው በቀትር አይቻልም፤ ሐይቁን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያናውጠዋል፤ ተራራውም ከሰዓት በኋላ ጉምና ዝናብ ይወርድበታል። እነዚህን ሦስት ነገሮች ካወቁ የቀረው ዕቅድ ከእነርሱ ይከተላል።

የሚያዙ ነገሮች

- መታወቂያ ወይም ፓስፖርት። የፓርክ መግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ስለሚለያይ፣ የውጭ ፓስፖርት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርዳቸውን ሳይረሱ ይያዙ።
- በአነስተኛ ኖት የተዘረዘረ ጥሬ ብር። በከተማው ባንኮች አሉ፤ በዶርዜ ገበያና በጀልባ ማረፊያው ግን በካርድ እከፍላለሁ ብሎ መሄድ አያዋጣም።
- ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ለእያንዳንዱ ሰው በቂ የመጠጥ ውኃ።
- ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ፣ ለዶርዜ።
- እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፤ እንዲሁም ሐኪም ያዘዘው የወባ መከላከያ መድኃኒት።
- የማያንሸራትት ጫማ። የምንጮቹ መንገድ እርጥብና ሥራሥር የበዛበት ነው።
- አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር፣ ካለ። በጀልባ ላይ ከካሜራ ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ነው።

1. ወሩን ይምረጡ

በአርባ ምንጭ አካባቢ ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ከባዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ስለዚህ «ክረምቱ ካለፈ በኋላ እንሄዳለን» የሚለው የአዲስ አበባ ሰው ልማድ እዚህ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። መንገዱ የደረቀበትና ጉዞው የሚቀናበት ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው። ሙቀቱ ያን ጊዜ ይበረታል፤ ይሁን እንጂ በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወዳለው ሜዳ የሚወስደው ጥርጊያ መንገድ የሚያሳልፈው፣ ከዶርዜ መውረጃውም የማያሰጋው በዚያ ወቅት ነው።

ከዚህ ውጭ አንድ ልዩ ጊዜ አለ፤ እርሱም መስቀል ነው። የዶርዜና የጋሞ ሰው በያለበት ሆኖ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው በዓል ስለሆነ፣ በየከተማው የሚሠሩ ሸማኔዎች ሁሉ ወደ አገራቸው ይገባሉ። በዓሉን ለማየት ካሰቡ ማረፊያውንና የመመለሻ ትራንስፖርቱን አስቀድመው ይያዙ፤ የዝናብ ልብስም አይርሱ።

2. አገባብዎንና ማረፊያዎን ይወስኑ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በመኪና ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ በሆሳዕና በኩልም ሆነ በሻሸመኔ በኩል ቢመጡ ወላይታ ሶዶ ላይ ይገናኛሉ። በመኪና የሚመጡ ከሆነ ንጋት ላይ ተነሥተው ከመምሸቱ በፊት መግባት ይኖርብዎታል፤ ከሶዶ ወዲህ ከብቶችና እግረኞች በአስፋልቱ ላይ ይበዛሉ፣ በጨለማም አይታዩም። ከመነሣትዎ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታና ስለ አካባቢው ጸጥታ በዚያው ሳምንት ከተመላለሱ ሾፌሮች ይጠይቁ።

ከተማዋ ሁለት ሠፈር ናት። ሲቀላ ከታች ሜዳው ላይ ሲሆን የገበያውና የንግዱ ሠፈር ነው፤ ሴቻ ደግሞ ከላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ሁለቱን ሐይቆችና ጫካውን ቁልቁል ያያል። በሁለቱ መካከል የሚያመላልስ ባጃጅና ታክሲ ቀኑን ሙሉ ይገኛል። እኔ ሴቻን እመርጣለሁ። ሌሊቱ ከሲቀላ ይልቅ ነፈስ ያለ ነው፤ መስኮት ከፍቶ ሐይቅ ማየትም ራሱን የቻለ ጉብኝት ነው። በሕዝብ አውቶቡስ ሌሊት የሚነሡና በአነስተኛ ወጪ ማደር የሚፈልጉ ግን ሲቀላ ይቀናቸዋል። ክፍሉን ከመቀበልዎ በፊት አጎበሩ ቀዳዳ እንደሌለውና አልጋውን ዙሪያውን እንደሚሸፍን ገልጠው ይመልከቱ።

3. በገቡበት ከሰዓት በኋላ ሁለት ሥራ ብቻ ይሥሩ

የመጀመሪያው ከሴቻ አፋፍ ላይ መልክዓ ምድሩን ማየት ነው። ፊትዎን ወደ ምሥራቅ ሲያዞሩ በግራ በኩል አባያ፣ በቀኝ በኩል ጫሞ ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ኮረብታማ መሬት «የእግዜር ድልድይ» ይባላል። የአባያ ውኃ ወንዞች በሚያመጡት ደቃቅ አፈር ምክንያት ቀይ ቡናማ ነው፤ ጫሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። ይህ የቀለም ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ፀሐይዋ ከጀርባዎ ሆና ውኃውን ታበራዋለች። ጠዋት ግን ብርሃኑ ከፊት ለፊት ዓይንዎ ውስጥ ስለሚገባ ሁለቱም ሐይቆች አንድ ዓይነት ብር መስለው ይታያሉ። ይህን ማየት አስቀድሞ የሚደረግበት ሌላም ጥቅም አለ፤ በቀጣዮቹ ቀናት የሚሄዱባቸውን ቦታዎች በሙሉ ከአንድ ሥፍራ ለይተው ስለሚያውቁ አስጎብኚው የሚነግርዎ ሁሉ ይገባዎታል።

ሁለተኛው ሥራ ለነገ መዋዋል ነው። ጀልባውን፣ አስጎብኚውንና ወደ ዶርዜ የሚያወጣዎትን መኪና በዚያው ምሽት ይጨርሱ። በተለይ ሦስት ነገሮችን በግልጽ ይጠይቁ፦ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? የአስጎብኚውና የነዳጁ ሒሳብ ተካቶበታል? የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ለሁላችንም፣ ለልጆችም በልካቸው፣ አለ? «የአዞ ገበያ» የሚባለው፣ አዞዎች ዳር ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁበት ሥፍራ፣ በፓርኩ ክልል ውስጥ ስለሆነ የፓርክ መግቢያው ከጀልባው ኪራይ የተለየ ክፍያ ነው። ብዙ ጠብ የሚነሣው ይህን ሳይለዩ «ሁሉንም ከፍለናል» ብለው ከሚሄዱ ሰዎች ነው። ቁጥራችሁ ጥቂት ከሆነ ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ተጋርታችሁ ብትከራዩ ወጪው ይቀላል።

4. በማግስቱ ጠዋት ጫሞን በጀልባ ይጎብኙ

ይህ የጉዞው ዋና ነገር ስለሆነ በሚገባ ይዘጋጁበት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ከከተማው ይውጡና፣ ወደ ኮንሶ በሚወስደው መንገድ ተጉዘው ወደ ጀልባ ማረፊያው ይውረዱ። ጉዞው ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት የሚመረጥበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነፋስ ትንሿን ጀልባ በማዕበል ስለሚያንገላታት ልጆችና አረጋውያን ይታመማሉ፣ አንዳንዴም ጀልባው ተመልሶ ይወጣል። ሁለተኛ፣ አዞ የሰውነቱን ሙቀት የሚያስተካክለው ከውጭ በሚያገኘው ሙቀት ስለሆነ፣ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ቆይቶ ማለዳ ፀሐይ ለመሞቅ ወደ ዳር ይወጣል። ሰው «የአዞ ገበያ» ብሎ የሚጠራው ይህንኑ ነው፤ የኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ በሚገባበት አካባቢ ትልልቅ አዞዎች በአሸዋው ላይ ተደርድረው፣ አፋቸውን ከፍተው ይተኛሉ። አፍ መክፈታቸው ሙቀትን ለማብረድ እንጂ ለማስፈራራት ስላልሆነ ልጆችን አስቀድመው ይንገሯቸው።

ወደ ዳሩ ሲቃረቡ ቀዛፊው የሞተሩን ድምፅ እንዲቀንስ ይጠይቁ፤ የሚሮጥ ሞተር አዞዎቹን ወደ ውኃ ስለሚያስገባቸው የሚያዩት ጭራቸውን ብቻ ይሆናል። በመንገድ ላይ ጉማሬዎች በቡድን ሆነው ጆሮና አፍንጫቸውን ብቻ ብቅ አድርገው ይታያሉ። ፔሊካን፣ ዓሣ አዳኝ ንስርና አባ ኮዳም አይታጡም። ዓሣ አጥማጆቹን ሲያልፉ መረባቸውን እንዳይጎትት ጀልባው ፈቀቅ ብሎ ይለፍ፤ የሚኖሩት በዚያ መረብ ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* እጅዎን ከጀልባው ውጭ ወደ ውኃ አይስደዱ፤ ልጅ ዳር ላይ አይቀመጥ፤ ፎቶ ለማንሣት ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን አትሂዱ፣ ጀልባው ያዘነብላልና። ጉማሬ ከአዞ ያላነሰ አደገኛ ነው። በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከል ጀልባ ከገባ መሸሻው የተዘጋበት ስለሚመስለው ከሥር ገብቶ ሊገለብጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቀዛፊውን «ጠጋ በልልን» ብለው አይገፋፉት። በጫሞም ሆነ በአባያ መዋኘት፣ እግር መንከርም ቢሆን፣ ፈጽሞ አይገባም። ከአዞው ሌላ በዳር ዳሩ ውኃ የቢልሃርዝያ ሥጋት አለ።

5. ቀትሩን በዓሣና በእረፍት፣ ከሰዓቱን በጫካ ያሳልፉ

ከጀልባ ሲመለሱ ፀሐዩ ከርሯል። ይህ ሰዓት የምሳ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ (ቲላፒያ) ጣፋጭ ቢሆንም ቀጫጭን አጥንት ስላለው ለልጆች ነጩን ትልቁን ዓሣ፣ ናይል ፐርቹን፣ ያስመርጡ፤ ሥጋው ወፍራምና አጥንቱም በቀላሉ የሚለይ ነው። ጥብሱን በሎሚና በዳጣ፣ ወይም ጉላሹን በእንጀራ ይሞክሩ። ጥሬ ዓሣ ግን ቢጋበዙም አይብሉ፤ የጥገኛ ትላትል ሥጋት ያለበት ምግብ ነውና። ከዚያ በኋላ እስከ 9 ሰዓት ድረስ በጥላ ሥር ይረፉ።

ወደ 9 ሰዓት ተኩል ከሴቻ አፋፍ ሥር ወዳለው ጫካ ይውረዱ። ለከተማዋ ስም የሆኗት ምንጮች ከዚያ ይፈልቃሉ። ውኃው የከተማው የመጠጥ ውኃ ስለሆነ በመግቢያው ፈቃድ መጠየቅና ከጠባቂ ጋር መሄድ ያስፈልጋል፤ በምንጮቹ ውስጥ መታጠብም፣ ሳሙናና ፕላስቲክ መጣልም የነዋሪውን የመጠጥ ውኃ መበከል ነው። ጫካው ራሱ ከምንጮቹ የማያንስ ነው። ሾላዎቹ እጅግ ትልልቅ ናቸው፤ ሥራቸው የከርሰ ምድሩን ውኃ ስለሚያገኝ ዙሪያው ሲደርቅም እነርሱ እንደለመለሙ ይቆያሉ። ቀና ብለው ከተመለከቱ ጉሬዛ ያያሉ። ዝንጀሮዎቹ ግን ሰው ስለለመዱ ምግብ በእጅ አይያዙ፤ ከልጅ እጅ ሙዝ መንጠቅ አይከብዳቸውም። ከ11 ሰዓት በፊት ይውጡ፤ ጫካው ቶሎ ይጨልማል፣ ትንኙም ከዚያ ሰዓት በኋላ ይበረታል።

ልጆች ከደከሙ ጫካውን ትተው በአባያ በኩል ያለውን የአዞ እርባታ ማየት ይችላሉ። ከጫሞ ቀጥሎ ሲታይ ብዙ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የጀልባ ጉዞ ለማይችል ሰው ግን ጥሩ ምትክ ነው።

6. በሦስተኛው ቀን ወደ ዶርዜ ይውጡ

በመጀመሪያ ቀኑን ከገበያ ጋር ያገናኙ። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ፣ ከበላዩ ያለው የጨንቻ ገበያ ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል። ጀልባው በማንኛውም ቀን ስለሚገኝ፣ ከተቻለ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ቀን መርሐ ግብር አቀያይረው ዶርዜን በገበያ ቀን ያድርጉት። ገበያው እየሞላ የሚሄደው ረፋድ ላይ ነው።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይነሡ። ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ወደ ግራ ታጥፈው ሽቅብ ይወጣሉ፤ መውጫው አንድ ሰዓት ያህል ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀንስ፣ ጋቢውን ከሻንጣ ሥር ሳይሆን ከእጅዎ አጠገብ ያኑሩ። በመጠምዘዣዎቹ ላይ ልጆች እየጨፈሩ መኪና ይከተላሉ። ከመስኮት ገንዘብ፣ ሙዝም ሆነ ባዶ ጠርሙስ በፍጹም አይወርውሩ፤ የተጣለውን ለማንሣት ሲሻሙ መኪና ሥር ይገባሉ። መርዳት ከፈለጉ በመንደሩ ውስጥ ወርደው፣ ከሽማኔዎቹና ከሴቶቹ ላይ ዕቃ ይግዙ።

በመንደሩ እንዲህ ባለ ቅደም ተከተል ቢሄዱ ይጠቀማሉ፦

ሀ. ቤቱ። የዶርዜ ቤት በቀርከሃ የተጠለፈና በእንሰት ቅጠል ወይም በቀርከሃ ቅርፊት የተከደነ ሲሆን፣ ከፊት ያለው መግቢያ ወጣ ብሎ የዝሆን ግንባር ይመስላል። አዲስ ሲሠራ እጅግ ረጅም ነው፤ ከጊዜ በኋላ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ ያጥራል። ስለዚህ የሁለት ቤቶችን ቁመት አነጻጽረው የትኛው እንደሚቀድም መገመት ይችላሉ፤ ግምትዎን ባለቤቱን ጠይቀው ያረጋግጡ። ሲገቡ ጎንበስ ይበሉ፤ ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድም ከበሩ አጠገብ ይቁሙ።

ለ. ቆጮው። እንሰቱ ሲፋቅ፣ ሲጨመቅ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ በጉድጓድ ሲቀበር፣ ከዚያም የበሰለው ተከትፎ በምጣድ ሲጋገር ያሳዩዎታል። ለመሞከር ዕድል ሲሰጥዎት ይፋቁ፤ ሥራው ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ የሚታወቀው እጅ ሲነካው ነው። ትኩሱ ቆጮ በማርና በዳጣ ይቀርባል። ሆድዎ ካልለመደው ጥቂት ይበሉ፤ ዳጣውንም በጫፉ ይጀምሩ፣ እጅግ ያቃጥላል። አረቄ ቢቀርብ መቅመስ የእንግዳ ወግ ነው፤ ሾፌርዎ ግን አንዲትም አይቅመስ፣ ከፊቱ ቁልቁለት አለ።

ሐ. ሽመናው። ጥጡን የሚፈትሉት ሴቶች፣ የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው። ጋቢ ወይም ነጠላ ሲገዙ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተው ማጉን ይመልከቱ። በእጅ የተፈተለ ማግ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል፣ ሲዳሰስም ይለሰልሳል፤ ከዳር እስከ ዳር ፍጹም እኩል የሆነው የፋብሪካ ክር ነው። ሁለቱም ይሸጣሉ፣ ዋጋቸው ግን አንድ ሊሆን አይገባም። ጥለቱንም በጀርባው ገልብጠው ክሩ ያልተንጠለጠለ መሆኑን ይዩ። መከራከር ነውር አይደለም፤ አንድ ጋቢ የስንት ቀን ድካም እንደሆነ ሸማኔውን ከጠየቁ በኋላ ይከራከሩ።

ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፤ «ሳሮ» ብለው በጋሞኛ ሰላምታ ቢጀምሩ ፊቱ የማይፈታ ሰው አያገኙም። ከ8 ሰዓት በፊት መውረድ ይጀምሩ። ከዚያ በኋላ ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ዝናብ ከጣለም ቁልቁለቱ ያንሸራትታል። ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ እንዲወርድ ይንገሩት፤ ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ይግላል፣ መያዙንም ያቆማል።

7. ተጨማሪ ቀን ካለዎት ብቻ ወደ ነጭ ሣር ሜዳ ይሂዱ

ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ሜዳው ያለው ከእግዜር ድልድይ ማዶ ስለሆነ መንገዱ ድንጋያማና ኮረብታማ ነው፤ ያለ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና አይሞከርም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከስካውት (ከፓርኩ ጠባቂ) ጋር ይውጡ፤ እንስሳቱ በሜዳው የሚታዩት ፀሐይ ሳትከር ነውና። የሜዳ አህያ መንጋ ዋናው ዕይታ ነው፤ ከእርሱ ሌላ የሜዳ ፍየል፣ እንሹና አጋዘን ሊያጋጥሙ ይችላሉ። የስዌይን ቆርኬ ግን ቁጥሩ እጅግ ስለተመናመነ እርሱን አያለሁ ብለው አይሂዱ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ያለውን ቀን ይለፉት። ትርፍ ጎማና ለሙሉ ቀን የሚበቃ ውኃ ሳይዙም አይነሡ።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

*ጀልባንና ዶርዜን በአንድ ቀን መጨረስ።* ይቻላል፤ ሆኖም ከሁለቱ አንዱ በተሳሳተ ሰዓት ይውላል፤ ብዙውን ጊዜ ዶርዜ በጉም ውስጥ ይቀራል። ያለዎት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ጫሞን ጠዋት፣ የሴቻን አፋፍ ከሰዓት አድርገው ዶርዜን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

*ከመንገድ ላይ የተገናኘን ደላላ መቀበል።* ደረሰኝ የሚሰጥ ማኅበርና መታወቂያ ያለው አስጎብኚ ይምረጡ፤ አንድ ነገር ቢጎድል የሚጠይቁት ሰው ይኖርዎታል።

*ፍራፍሬውን በመጀመሪያው ቀን መግዛት።* ሙዝና ማንጎ በዚያ ሙቀት በሁለት ቀን ይበሰብሳሉ። በመመለሻው ጠዋት፣ ገና ያልበሰለውን ይግዙ። የሽፈራው ቅጠል ደረቁ ሻንጣ ስለማያከብድ ለስጦታ ይመቻል፤ እርጥበት እንዳልነካው አሽትተው ይውሰዱ።

*የወባን ነገር ከከተማው ሲወጡ መርሳት።* ከወባ አካባቢ ርቀው የኖሩ ሰዎች፣ በልጅነታቸው ለምደውት ቢሆንም እንኳ፣ የመቋቋም አቅማቸው ይቀንሳል። የተጀመረ የመከላከያ መድኃኒት ከተመለሱ በኋላም ሐኪሙ እስካዘዘው ቀን ድረስ ይቀጥላል። በሽታው ከተነከሱ ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ሊነሣ ስለሚችል፣ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ከተመለሱ በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለዎት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱና ወባ ካለበት ቆላ እንደመጡ ሳይጠየቁ ይንገሩ። ወባ በማይገኝበት አገር ያለ ሐኪም ይህን ካልሰማ የደም ምርመራውን ላያዝልዎ ይችላል።